ግራዋ ለመንዝ በግ፦ ጉበቱንና ልቡን ሳይጎዱ

በጉ ሲከሳ፣ ሱፉ በእጅ ሲነካ እየተነቀለ ሲቀር፣ ከመንጋጋው ሥር ውሃ ሲቋጥር ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጓሮ አጥሩ ነው። ግራዋ ይቆረጣል፣ ይወቀጣል፣ በውሃ ይታሻል፣ ተጨምቆ በጠርሙስ ይጋታል። ከዓለም ከተማ ጓሮዎች እስከ መንዝና ግሼ ደጋ ድረስ ቅጠል ለከብት መስጠት አባቶች ያቆዩት ሙያ ነው። ይህን የምጽፈው ሙያውን ለማጣጣል ሳይሆን በጉን ለማትረፍ ነው። የተጋተው ጭማቂ ከሆድ ዕቃ ተነሥቶ በደም ሥር መጀመሪያ የሚደርሰው ጉበት ዘንድ ነው። ጤናማ ጉበት መራራውንም መርዙንም አብርዶ ያሳልፋል። በትል የተበሳሳ ጉበት ግን ይህን ማድረግ ይሳነዋል፤ ለበሽታው ተብሎ የተሰጠው ቅጠል ራሱ ሁለተኛ በሽታ ይሆንበታል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ነገር ላይ ያርፋል፦ ቅጠሉን ከመቁረጥዎ በፊት የበጉ ጉበት በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ይወቁ።

ስለ ግራዋ በምርምር የታየው

ግራዋንና የመንዝን በግ ያገናኘው የገበሬው ልማድ ብቻ አይደለም። በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት የጤፍ ገለባ ለሚበሉ የመንዝ በጎች ግራዋን በተጨማሪ መኖነት እየሰጠ መርምሯል። ጥያቄው የመኖ ጥያቄ ነበር፤ ድርቅ ያለ ገለባ ብቻ የሚበላ በግ ከአረንጓዴ ቅጠል ምን ያገኛል የሚል። ግራዋ የጉበት ትል ይገድል እንደሆነ አልጠየቀም። ይህን ልዩነት ልብ ይበሉ፤ መኖ ሆኖ መጥቀምና መድኃኒት ሆኖ መፈወስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ናይጄሪያ ውስጥ ደግሞ በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ሥራ አለ። ተመራማሪዎቹ አይጦችን በብዙ ፓራሲታሞል ጉበታቸውን ሲጎዱ፣ የግራዋ ቅጠል ጭማቂ የተሰጣቸው አይጦች ከሌሎቹ ያነሰ ጉዳት አሳዩ። ደስ የሚያሰኝ ውጤት ነው። ነገር ግን አይጥ በግ አይደለችም፤ ፓራሲታሞልም የጉበት ትል አይደለም። የበግ ሆድ ቅጠሉን በመጀመሪያ በጨጓራው ውስጥ ያብላላዋል፣ ይለውጠዋል፤ የአይጥ ሆድ ይህን አያደርግም። «ለጉበት ይሆናል ተብሏል» የሚል ወሬ ሲሰሙ በማን ላይ፣ በምን ያህል መጠን፣ ለየትኛው ጉዳት ተብሎ እንደተሞከረ ይጠይቁ።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን የታንዛኒያ ቺምፓንዚዎች ነገር ነው። በማሃሌ ተራሮች በ1987 እ.ኤ.አ. ማይክል ሃፍማን የተባሉት ተመራማሪና መሐመዲ ሰይፉ የተባሉት የአገሬው አዋቂ አንዲት የታመመች ቺምፓንዚ የግራዋ ቅርንጫፍ ሰብራ ስታኝክ አዩ። ሌሎቹ እያዩ አይነኩትም ነበር። እሷም ቢሆን ቅጠሉንና ቅርፊቱን ላጥ ላጥ አድርጋ ጣለች፤ ያኘከችው ውስጠኛውን ለስላሳ ክፍል ብቻ ነው። በኋላ በኬሚካል ሲመረመር ከተክሉ ውስጥ ጠንካራው መርዛማ ነገር በብዛት የተገኘው በቅጠሉ ውስጥ ነበር። እኛ ደግሞ የምንወቅጠው ያንኑ ቅጠል ነው። በዚያ ላይ የቺምፓንዚዋ ጥገኛ የአንጀት ትል እንጂ የጉበት ትል አልነበረም።

«ከምድር የበቀለ አይጎዳም» የሚል ሰው ካጋጠመዎ የሰሜን ምዕራብ ትግራይን መከራ ይንገሩት። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚያ አካባቢ ሆድ እያሳበጠ፣ ጉበት እያደነደነ ሰው የሚገድል በሽታ ታየ። ምርመራው በመጨረሻ ወደ አንድ አረም አመለከተ፤ ዘሩ ከእህሉ ጋር አብሮ ሲታጨድና ሲፈጭ ፒሮሊዚዲን የሚባለው መርዝ ቀስ በቀስ ጉበትን ይጎዳ ነበር። ይኸው የመርዝ ዝርያ ያለባቸውን አረሞች ሲበሉ ከብትና ፈረስ ከበግ ይልቅ ቶሎ ይጎዳሉ፤ በግ ይታገሳል እንጂ አያመልጥም። ለጢስና ለመድኃኒት የምናውቀው ግዛዋም በውጭው ዓለም አሽዋጋንዳ ተብሎ በክኒን ይሸጣል። በላቦራቶሪ አይጦች ላይ ልብን ከጉዳት እንደሚከላከል የሚያሳዩ ሙከራዎች አሉ፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ግን ከአይስላንድና ከአሜሪካ ክኒኑን የወሰዱ ሰዎች ጉበታቸው እንደተጎዳ ተዘግቧል፣ ዴንማርክም በ2023 እ.ኤ.አ. ከልክላዋለች። ያው አንድ ተክል ልብን ሊጠብቅና ጉበትን ሊጎዳ ይችላል ማለት ነው።

መጀመሪያ በጉን ይመርምሩ

በጉን በጠዋት፣ ከመሰማራቱ በፊት ይያዙት። ሮጦ የተያዘ በግ ልቡም ትንፋሹም አይታመንም፤ ስለዚህ ከተያዘ በኋላ ጥቂት ይረፍ።

ከዓይኑ ይጀምሩ። በአውራ ጣትዎ የላይኛውን የዓይን ቆብ ጫን፣ የታችኛውን ወደ ታች ሳብ ያድርጉ፤ ውስጡ ለቅጽበት ይገለጣል። ጤነኛ በግ ቀይ ወይም ጥቁር ሮዝ ያሳያል። ፈዛዛ ሮዝ ከሆነ ይጠርጥሩ፤ እንደ ወረቀት ነጭ ከሆነ ደሙ አልቋል። ደቡብ አፍሪካውያን ለዚሁ ሲሉ አምስት ደረጃ ያለው የቀለም ሰሌዳ አውጥተዋል፤ ፋማቻ ይባላል፣ የእንስሳት ሐኪሞች ያውቁታል። ምርመራውን በደመናማ ቀን ወይም በጋጣ ጨለማ ውስጥ አያድርጉ፤ ቀለሙ ያታልላል። የዓይኑ ነጭ ክፍል ቢጫ ከመሰለ ጉበቱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ በግ ምንም ዓይነት ቅጠል አይስጡ።

ቀጥሎ እጅዎን ከወገቡ ላይ፣ ከሱፉ ሥር ያስገቡ። የመንዝ በግ ሱፉ ይሸፍነዋል፤ ከሩቅ የወፈረ መስሎ የጀርባ አጥንቱ የተሳለ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ከመንጋጋው ሥር ይዳብሱ። እብጠቱ ለስላሳና ሲጫኑት የጣት ምልክት የሚያስቀር ከሆነ ውሃ ነው። ጠዋት ጠፍቶ፣ በጉ ቀኑን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ሲግጥ ውሎ ማታ ከተመለሰ የደም ማነሱን ያመለክታል። የጉበት ትልም ሆነ ደም መጣጩ የጨጓራ ትል ይህን ያመጣሉ፤ በዓይን ብቻ አይለዩም። ግን ወቅቱ ይረዳል፦ ክረምት ከወጣ በኋላ በጨፌ የከረመ በግ ከኅዳር እስከ የካቲት ቀስ እያለ ከመነመነ የጉበት ትል ከሁሉ በፊት ይጠረጠራል። ፊቱና ጆሮው ላይ ያለው ቆዳ በፀሐይ እየተቃጠለ የሚላጥ በግም ጉበቱ የታመመ ሊሆን ስለሚችል ጥላ ውስጥ ያቆዩት። አንገቱን አዙሮ በአንድ በኩል እየዞረ የሚሄደው በግ ግን አዙሪት ይዞት ነው፤ ችግሩ ከአንጎሉ ስለሆነ የጉበት መድኃኒትም ግራዋም አያድነውም።

ልቡን ለማየት በኋላ እግሩ ውስጠኛ ጭን ላይ ሁለት ጣት ያሳርፉ። የደም ሥሩ ሲመታ ይሰማል። በስልክዎ ሰዓት አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ። ያረፈ ጎልማሳ በግ ከ70 እስከ 90 ይመታል፤ ግልገል ከዚህ ይፈጥናል። ደሙ ያነሰ በግ ልቡ ፈጥኖ ይመታል፤ ያለውን ጥቂት ደም ደጋግሞ ማዞር አለበትና። ከቁጥሩ በላይ የሚያሳስበው አመታቱ ነው። እየዘለለ፣ አንዴ ፈጥኖ አንዴ ቆሞ የሚመታ ልብ ያለውን በግ እንኳን ቅጠል ሊግቱት ሩቅ መንገድም አይንዱት።

እርጉዝ እናት በግ ከሆነች ከዚህ በኋላ ያለውን የቅጠል ነገር በእሷ ላይ አይሞክሩ። የእንግዴ ልጅ አልወርድ ሲል በየአገሩ ግራዋ የሚሰጠው ማሕፀን ያነሣሣል ተብሎ ነው፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ለእርጉዝ በግ ግራዋ የሚሰጥበት ምክንያት የለውም። ጤና አዳምም እንዲሁ ጽንስ ላይ አደገኛ ነው።

እበቱን ያስመርምሩ

የጉበት ትል መኖሩን የሚያረጋግጠው የእንቁላሉ በእበት ውስጥ መገኘት ነው። በፕላስቲክ የተሸፈነ ጣት ወደ ፊንጢጣ አስገብተው ጥቂት እበት ያውጡ፤ መሬት ላይ የወደቀውን አይልቀሙ። በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ጤና ኬላ ወይም ወደ ወረዳው ክሊኒክ ያድርሱት። የዚህ ትል እንቁላል ከባድ ስለሆነ ውሃ ውስጥ አቀርርቶ በማዝቀጥ ይፈለጋል እንጂ እንደ ሌላው ትል እንቁላል በማንሳፈፍ አይገኝም፤ ለባለሙያው «ለጉበት ትል በማዝቀጥ ይታይልኝ» ብለው ይንገሩት።

ውጤቱ «ንጹሕ» ቢባልም በጥንቃቄ ያንብቡት። ትሉ ከሣር ጋር ከተዋጠ በኋላ ስድስት ወይም ሰባት ሳምንት ያህል የጉበቱን ሥጋ እየበሳ ይጓዛል፤ ወደ ሐሞት ቧንቧ ገብቶ አድጎ እንቁላል የሚጥለው ከ10 እስከ 12 ሳምንት ሲሆነው ነው። መስከረም ላይ ጨፌ የበላ በግ ጥቅምት ላይ እበቱ ንጹሕ ሆኖ ጉበቱ እየደማ ሊሆን ይችላል። በአንድ ጊዜ ብዙ ትል የበላ በግ እንቁላል ሳይታይ በድንገት የሚሞተውም በዚህ ወቅት ነው።

የየትኛው ቦታ ጨፌ እንደሆነም ይለዩ። በኢትዮጵያ ከ1,800 ሜትር በላይ ባለው ደጋ የሚገኘው ትንሹ የጉበት ትል ነው፤ ከ1,200 ሜትር በታች ትልቁ ዓይነት ያይላል፤ በመካከሉ ሁለቱም አሉ። መርሐቤቴ ከዓለም ከተማ ደጋ ወደ ጀማ ሸለቆ ቁልቁል ስለሚወርድ አንድ ቤተሰብ ሁለቱንም ሊያገኝ ይችላል። መንዝ ደግሞ ከክረምቱ በተጨማሪ በልግ ይዘንብለታል፤ ትሉን የምታሳድገው ትንሿ የረግረግ ቀንድ አውጣ በዓመት ሁለት ጊዜ ርጥበት ታገኛለች።

ትሉን የሚገድለውን መድኃኒት ያስቀድሙ

እንቁላሉ ከተገኘ ወይም ምልክቱና ወቅቱ ከተገጣጠመ ግራዋው ይቆይ። አልቤንዳዞል በሰፊው ይገኛል፤ ነገር ግን የሚገድለው ያደገውን የጉበት ትል ነው፣ የሚያስፈልገውም መጠን ለሌላው ትል ከሚሰጠው ይበልጣል። ጉበቱን እየበሳ የሚጓዘውን ገና ያላደገውን ትል የሚገድለው ትሪክላቤንዳዞል ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ የሚታከም በግ የተሸከመው በአብዛኛው ያላደገውን ስለሆነ አልቤንዳዞል ሰጥተው «መድኃኒቱ አልሠራም» ቢሉ አይፍረዱበት፤ ለትክክለኛው ዕድሜ የተሰጠ መድኃኒት አልነበረም። አልቤንዳዞል በእርግዝናዋ የመጀመሪያ ወር ላለች በግ አይሰጥም፤ ጽንሱን ያጎድላል።

መጠኑ በክብደት ነው። ብዙዎቹ የመንዝ እናት በጎች ከ20 እስከ 25 ኪሎ ግድም ናቸው፤ የአዋሲ ዲቃላ ከሆነ ግን ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። በዓይን ግምት «ለአንድ በግ ግማሽ» ማለት አንዱን ያስመርዛል፣ ሌላውን በጎደለ መጠን ትሉን ያላምዳል። በጉን በማዳበሪያ ከረጢት ሸብ አድርገው ከእህል ሚዛን ላይ ማንጠልጠል አያስቸግርም። ክኒኑን ከገበያ መሬት ላይ ፀሐይ ሲመታው ከዋለ ነጋዴ አይግዙ፤ ከክሊኒክ ይግዙ፣ የጊዜ ማብቂያውን ያንብቡ፣ ሥጋውና ወተቱ ለስንት ቀን እንደማይበላ ከማሸጊያው ላይ ይዩ። ለፋሲካ የሚታረድ በግ ካለ ይህን ቀን ቀድመው ያስሉ።

ከሕክምናው በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይጠብቁ። ትሉ ሲሞት ጉበቱ ቁስሉን ይጠግናል፤ በዚህ ጊዜ የሚሻው ጥሩ መኖ፣ ጨውና ንጹሕ ውሃ ነው። ግራዋ ቦታ የሚያገኘው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያውም የሚገባው በመኖነት ነው።

ግራዋውን ሲሰጡ

ቅጠሉን ከለጋው ጫፍ ይቁረጡ፤ ፀረ ተባይ ከሚረጭበት ማሳ ዳር የበቀለውን ይተዉ። በጥላ ዘርግተው ያድርቁት። ሻጋታ ያወጣውን ይጣሉ፤ ሻጋታ ራሱ ጉበት የሚያጠፋ መርዝ አለው። ለ20 ኪሎ በግ በመጀመሪያው ቀን አንድ ጭብጥ የደረቀ ቅጠል ከገለባው ጋር አደባልቀው ያቅርቡ። በጉ ሽቶ ካልበላው ያንሡት፤ እንስሳ መራራውን የሚተወው በከንቱ አይደለም። ሦስት ቀን ይጠብቁ፦ መመገቡ፣ ማመስኳቱ፣ እበቱ፣ የልቡ አመታት እንደ ነበረ ከሆነ ጥቂት ይጨምሩ። ከቀኑ መኖ ከአሥር እጅ አንዱን እጅ እንዳያልፍ እመክራለሁ። ይህ ልክ የራሴ የጥንቃቄ ልክ ነው፤ ከዚያ በታች መቆየት ምንም አያጎድልም።

ወቅጦ በጠርሙስ መጋትን እንዲተዉ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። የተወቀጠው ጭማቂ መጠኑ አይታወቅም፤ አንዱ ቅጠል ከሌላው፣ የበጋው ከክረምቱ ይለያያል። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ከቅጠሉ ጋር ግንኙነት የለውም፦ ብዙ በግ የሚሞተው በመድኃኒቱ ሳይሆን በአጋጋቱ ነው። ራሱን ወደ ሰማይ ቀና አድርገው፣ ምላሱን ጎትተው የሚያፈሱበት ውሃ ወደ ሳንባው ይወርዳል። በጉ ያስላል፣ በሁለተኛው ቀን ትኩሳት ይይዘዋል፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ይሞታል፤ ሰውም «ጉበቱ ነው የገደለው» ይላል። የክሊኒክ ፈሳሽ መድኃኒት መጋት ግድ ሲሆን በጉን ከግድግዳ ጥግ ያስጠጉ፣ ጭንቅላቱን ከጀርባው መስመር በላይ አያንሡ፣ ጫፉን በጥርስ አልባው የአፉ ጎን በኩል ያስገቡ፣ ጥቂት አፍስሰው እስኪውጥ ይጠብቁ። ካሳለ ወዲያው ይልቀቁት።

ኮሶና እንቆቆም ከዚህ ጋር ይነሣሉ። ሁለቱም የሚታወቁት በአንጀት ውስጥ ባለው ረጅም የኮሶ ትል ላይ ነው፤ ጉበት ውስጥ ላለው ትል አያገለግሉም። በ1985 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ኮሶንና የእንቆቆን የቅርብ ዘመድ ለጫጩቶች ሰጥቶ የዓይናቸው ማያ ክፍል እንደተጎዳ አሳይቷል። እንዶድ ደግሞ ቀንድ አውጣ ይገድላል እንጂ ለበግ የሚጠጣ መድኃኒት አይደለም፤ አንጀት ያቃጥላል።

ልብ የሚያቆሙ ተክሎች

እዚህ ላይ ቆም ብለው ያንብቡ። ጉበት የሚጎዳ ቅጠል ብዙውን ጊዜ በሳምንታትና በወራት ነው የሚገድለው፤ ልብ የሚነካው ግን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

መረንዝ በምሥራቅ አፍሪካ ሁሉ የቀስት መርዝ ሆኖ ኖሯል፤ በውስጡ ያለው ኡዋባይን የልብን ጡንቻ አጨማድዶ ያስቆማል። በቆላው የሚበቅለው፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣው ጦቢያም የዚያው ቤተሰብ መርዝ አለበት። እንዳሁላ ለቁስልና ለስብራት ከውጭ የሚታሰር ሰፊና ወፍራም ቅጠል ነው፤ የዚሁ ተክል ዘመዶች በደቡብ አፍሪካ ልብ በሚነካ መርዛቸው በግና ከብት ስለሚገድሉ እንዳሁላን ለእንስሳ አብልተው መሞከር አይገባም። ትምባሆ ከከብት አፍንጫ አልቅት ለማስወጣት ይሰጣል፤ ኒኮቲኑ ሲበዛ ልቡን አፍጥኖ ከዚያ ያዘገየዋል፣ በጉ ይንቀጠቀጣል፣ ይወድቃል።

እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዊዘሪንግ በ1785 እ.ኤ.አ. ዲጂታሊስ የሚባለው ተክል የልብ በሽተኞችን እንደሚያሻል ጽፈው አሳተሙ። ተክሉ እስከ ዛሬ የልብ መድኃኒት ይወጣበታል። ይሁን እንጂ በሚያድነውና በሚገድለው መጠን መካከል ያለው ርቀት እጅግ ጠባብ ስለሆነ የሰው ሐኪሞች እንኳ በሚሊግራም ክፍልፋይ ይሰጡታል። በጭብጥና በጠርሙስ የሚለካ ሰው ያንን ጠባብ መንገድ ማግኘት አይችልም። ስለዚህ መረንዝ፣ ጦቢያና እንዳሁላ በአፍ አይሰጡም፤ ትንሽም ቢሆን።

በጉ ከእነዚህ አንዱን በልቶ ከሆነ አይንዱት፣ አያሯሩጡት፣ ወደ ክሊኒክ በእግሩ ዳገት አያስወጡት። የተጎዳ ልብ የሚቆመው ብዙውን ጊዜ በጉ ሲነዳ ነው። ባለሙያውን ወደ በጉ ያምጡ፣ ወይም በጉን በሸክም ያድርሱ። ወተት፣ ዘይት ወይም አረቄ በግድ አይጋቱ። የበላውን ተክል ቅርንጫፍ ከነቅጠሉና ከነፍሬው ቆርጠው ይያዙ፤ ሐኪሙ የተክሉን ማንነት ካወቀ ግማሹን ሥራ ጨረሰ።

መዝግበው ይሞክሩ

«ግራዋ ሰጠሁት፣ ዳነ» የሚለው ቃል እውነት ሊሆን ይችላል። ግን በዚያው ወር በልግ ዘንቦ ሣር አረንጓዴ ለብሶ ከሆነ ያዳነው ሣሩ እንደሆነ በምን ያውቃሉ? ለማወቅ አንድ መንገድ አለ፤ ደግሞም ከማንኛውም ገበሬ እጅ አይርቅም። ከታከሙት በጎች ዕድሜያቸውና ክብደታቸው የሚቀራረቡትን መርጠው ለሁለት ይክፈሉ። አከፋፈሉ ግን በምርጫ ሳይሆን በዕጣ ይሁን፤ አለበለዚያ ሳያውቁት ጠንካሮቹን ወደ አንድ ወገን ያደርጋሉ። ግማሾቹን በጆሯቸው ቀለም ምልክት አድርገው ግራዋ ይስጡ፣ ግማሾቹ ያለ ግራዋ በአንድ መስክ አብረው ይሰማሩ፣ ሌላው መኗቸው እኩል ይሁን። በየሁለት ሳምንቱ ሁሉንም በአንድ ቀን ይመዝኑ፣ የዓይናቸውን ቀለምና የልባቸውን ምት ይጻፉ። የታመመ በግ ለሙከራ አይያዝ፤ ያ መታከም አለበት። አንዱ በግ ቢከሳ ወይም ልቡ ቢዛባ ግራዋውን ለሁሉም ያቁሙ።

ሦስት ወር ሲሞላ ደብተሩ ሁለት ዓምድ ቁጥር ይሰጥዎታል። ልዩነት ከሌለ የግራዋው ድካም ይቀርልዎታል። ልዩነት ካለ ደብተሩን ይዘው ለወረዳው የእንስሳት ባለሙያ ወይም የመንዝን በግ ለዓመታት ለሚያጠናው የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ያሳዩ፤ የእርስዎ ጥቂት በጎች ለፍርድ ባይበቁም ለጥያቄ ይበቃሉ።

ጨፌውን ካልጠበቁ ትሉ ይመለሳል

በእንዶድ እንደ ሳሙና ልብስ የሚታጠብበት ወንዝ ላይ ቀንድ አውጣ ሞቶ ማየታቸው ነው ዶክተር አክሊሉ ለማን በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ወደ ታላቁ ግኝታቸው ያደረሳቸው። የእሳቸው ምርምር በሰው የደም ትል ላይ ያተኮረ ቢሆንም የበግን ጉበት ትልም የምታራባው ቀንድ አውጣ ናት። እንዶድን በራስዎ ወደ ኩሬ መጨመር ግን ዓሣ ይፈጃል፣ ውሃውን የሚጠጣውንም ይጎዳል፤ ያለ ባለሙያ አይሞክሩት። ከዚያ ይልቅ በግን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ከረግረጉ ጠርዝ ማራቅ፣ ውሃውን ቀድቶ በገንዳ ማጠጣት፣ የጨፌ ሣር ከታጨደ በፀሐይ እስኪንኮሻኮሽ አድርቆ ማክረም ይሻላል። እርጥብ ሣር ላይ ያለው የትል ቅንጣት ለወራት ይቆያል። ለልጆች ከረግረግ የሚለቀም ቅጠል ጥሬውን እንዳይበሉ ይንገሯቸው፤ ትሉ ወደ ሰው የሚገባው በዚያ ነው።

በዓመት በዓል ጉበቱን ይክፈቱት

በጉ ሲታረድ ጉበቱን ወደ ዱለቱ ከመክተፍዎ በፊት በሰፊ ሳሕን ላይ ይዘርጉት። የጤነኛ ጉበት ጠርዝ ስለታም ነው፣ ቀለሙም አንድ ወጥ ነው። ላዩ ላይ ቀይ ጠመዝማዛ መስመር ካዩ ገና ያላደገ ትል ያለፈበት ነው። ጠርዙ ከደነዘዘና ነጫጭ ቧንቧዎች ገመድ መስለው ከወጡ ቧንቧውን በቢላ ይሰንጥቁ፣ በአውራ ጣት ይጫኑት። ጥቁር ሐሞት ተከትሎ ቅጠል የመሰለ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ቡናማ ትል ተንሸራቶ ይወጣል። በበሬ ጉበት ላይ ቢላው አሸዋ እንደነካ ይንኮሻኮሻል፤ የበጉ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይንኮሻኮሽም። ልቡን ደግሞ ይመልከቱ፦ ዙሪያው ያለው ስብ ነጭና ጠንካራ ካልሆነ፣ እንደ ሙጫ ውሃ ካዘለ በጉ ለብዙ ጊዜ ደምና መኖ አጥቶ ኖሯል። ያ አንድ ጉበት የመንጋውን ሁሉ ታሪክ ይነግራልና ያዩትን በደብተሩ ይጻፉ፤ በስልክ ፎቶ አንሥተው ለጤና ኬላው ባለሙያ ያሳዩ።

ውሃ የቋጠረ ነጭ ፊኛ ከተገኘ ያ የጉበት ትል አይደለም፤ ከውሻ የሚመጣ ሌላ ጥገኛ ነው። ፊኛ ያለበትን ጉበትና ሳንባ፣ እንዲሁም አዙሪት ይዞት የነበረውን በግ ጭንቅላት ለውሻ አይወርውሩ፤ ውሻው የማይቆፍረው ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ይቅበሩት ወይም ያቃጥሉት።